ምስር የምታህል ፕላስቲክ

ዓመተ ምሕረቱን በትክክል አላስታውሰውም። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ እንደሆነ ግን አውቃለሁ፤ አውቶቡሳችን በየኬላው በቆመ ቁጥር ወንድሜ አያሌው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ፀጉራቸውን ያጎፈሩ ልጆች ናቸው፤ መታወቂያህን አውጣ» ይለኝ ነበር። ወቅቱን ደግሞ አልስተውም፤ ዐቢይ ጾም ነበር። ዓመቱ ከጭንቅላቴ ቢወጣም የበሶው ጣዕም ከአፌ አልወጣም።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ያለፈው ጥቅምት ነው። ባለቤቴ ዘውድነሽ ዓይኗን ሞራ ጋርዷት፣ እህል ስትለቅም ጠጠሩን ከስንዴው መለየት አቅቷት ስለነበር ደብረ ታቦር ወደ ዓይን ሐኪም ይዣት ሄድኩ። ሐኪሟ ገና ልጅ ናት፤ ከደቡብ በኩል የመጣች፣ አነጋገሯ ለስለስ ያለ። የዘውድነሽን ዓይን አይታ ስትጨርስ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «አባባ፣ እስቲ የእርስዎንም ልየው» አለችኝ። አገጬን መሣሪያው ላይ አስደግፋ በመብራት ስትመረምረኝ ቆየች።

«እንዴ! እዚህ ግራ ዓይንዎ ውስጥ የገባችውን ሌንስ ያውቋታል?»

«አውቃታለሁ» አልኳት።

«እኔ እንዲህ ያለችውን የማውቃት ከመጽሐፍ ላይ ነው። የማትታጠፈዋ፣ ደረቋ ናት። ይኸው እስካሁን እንደ መስተዋት ጠርታለች።»

ከዚያ ለዘውድነሽ የምታስገባላትን አስረዳችን። የዛሬዋ ሌንስ ተጠቅልላ፣ በጣም ጠባብ በሆነች ስንጥቅ ገብታ፣ ውስጥ ስትደርስ ራሷ ትዘረጋለች አለች። ስትቀረጽ እንደ ድንጋይ ደረቅ ናት፤ ተቀርጻ ካለቀች በኋላ ጨው ባለው ውሃ ትነከርና ትለሰልሳለች።

«እንደ ጠፍር ማለት ነዋ» አልኳት።

«ጠፍር ምንድን ነው?»

«የበሬ ቆዳ፣ ለሞፈርና ለቀንበር ማሰሪያ የሚሆነው» አለቻት ዘውድነሽ። «ደረቁን ብታጥፊው እንቢ ይልሻል። ውሃ ውስጥ ካሳደርሽው እንደ ጨርቅ ነው። ይልቅ ልጄ፣ ቶሎ አስገቢልኝ፤ ይሄ ሰውዬ ወሬ ከጀመረ አይመሽለትም።»

ዘውድነሽ ወደ ውስጥ ስትገባ እኔ ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ክረምቱ ወጥቶ አየሩ ጠርቶ ነበር፤ ጉና ተራራ ከእነጫፉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሰው ብቻውን ሲቀመጥ አሳቡ የት እንደሚሄድ አይታወቅም። የእኔ ሌንሷ ወደ ገባችልኝ የአዲስ አበባ ሆስፒታል ክፍል ሄደ።

ቀኝ ዓይኔን ገና ሕፃን ሳለሁ ኩፍኝ ወስዶታል። ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር አይረባኝም። ስለዚህ ያደግሁት በግራዋ ዓይን ብቻ ነው፤ በእሷ አረስኩ፣ በእሷ አጨድኩ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል የቆጠርኩትም በእሷ ነው። ያችኑ አንዷን ነው ቡሄ ዕለት ያጣኋት።

የከተማችን የደብረ ታቦር ስም የበዓሉም ስም ስለሆነ ይሁን አላውቅም፣ እኛ ዘንድ ቡሄ ሲደርስ ጎረምሳ የሆነ ሁሉ ጅራፍ ሳያጮህ አይውልም። ጅራፌን ራሴ ነበርኩ የገመድኩት፤ ከላይ ቆዳ፣ ጫፉ ላይ ቃጫ። ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል፣ ሙልሙሉ በጉያችን ትኩስ ነው፣ ካፊያው ፊታችን ላይ ይወርዳል። ሦስት አራት ጊዜ አዙሬ ሳጮኸው ከማዶ መንደር ድረስ ይሰማ ነበር። ሳላስበው እግሬ ተንሸራተተና ጫፉ ዞሮ ዓይኔን መታኝ። የሰው ጅራፍ ቢሆን የምቆጣው ሰው ባገኘሁ፤ የራሴ ሆነና የምቆጣውም አጣሁ።

እብጠቱ በጠበል ጎደለልኝ፤ ሕመሙም ሄደ። ማየቱ ግን አልተመለሰም። መውቂያው ሲደርስ የዓይኔ ብሌን ነጭ ሆኗል አሉኝ። አውድማው ዳር ተቀምጬ የበሬዎቹን ኮቴ እየሰማሁ፣ የገለባውን ብናኝ እየዋጥኩ እውል ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ሁሉ እየመጣ ያጫውተኛል። ቆይቶ ግን ደቦው ሲጠራ እኔን የሚጠራኝ ጠፋ። ማን ይፈርድባቸዋል? ጅብ ይሁን ሰው የማይለይ ምን ሊያጭድላቸው ነው? ሽማግሌ ሊላክልኝ ታስቦ የነበረው ጉዳይም እንደ ዋዛ ተረሳ። እኔም ሳልጠይቅ ዝም አልኩ። ዝም እያልኩ ስቆይ ዝምታው ራሱ ቤቴ ሆነ።

አያሌው ነው እንቢ ያለ። «አዲስ አበባ የዓይን ሐኪም ፈረንጅ መጥቷል አሉ» ብሎ በሬዎቹን ለጎረቤት ትቶ እጄን ይዞ ተነሣ። ከደብረ ታቦር ወረታ ያለው መንገድ ያን ጊዜ ኮረኮንች ነው፤ አቧራው ጥርሴ ላይ ይንቋቋል። ባሕር ዳር ስንደርስ ሙቀቱን በፊቴ አወቅሁት። ዓባይን ስንወርድ የተቃጠለ ፍሬን ሽታ ነው የማስታውሰው፤ ሴቶቹ እመብርሃንን ይጠራሉ። አያሌው የሚያየውን ሁሉ ይነግረኛል። በእሱ አፍ ነው አገር ያየሁት።

አዲስ አበባ ሆስፒታል ገብቼ አልጋ እንዳገኘሁ ግን መመለስ ነበረበት። የበሶዬን ከረጢት ትራሴ ሥር ወሸቀልኝና፣ «እንግዲህ አይዞህ» አለኝ። የኮንጎ ጫማው ሲሚንቶው ላይ ጧ ጧ ሲል ሰማሁት፤ ከዚያ ራቀ፤ ከዚያ ከሌላ ሰው እርምጃ ጋር ተቀላቅሎ ጠፋኝ። እንደዚያ ቀን ብቻዬን የሆንኩበት ቀን የለም። ሰው መሐል ነበርኩ እኮ! ግራም ቀኝም ሰው ያስላል፣ ያወራል፣ ይስቃል። አንዱም ግን የእኔ አይደለም። አነጋገሬን እንኳ እየሰሙ፣ «እስቲ ጎንደሬው፣ ድገመው» ይሉኝ ነበር። ስለዚህ መናገሬንም ተውኩት።

ከጎኔ ያለው አልጋ ላይ አንድ የወሎ ሰው ነበር። ዕድሜውን በብረት ቤት የጨረሰ፣ ቶርኖ በሚሉት ማሽን ላይ ብረት እያሽከረከረ ሲቀርጽ የኖረ ነው፤ ክፍሉም ሁሉ «ቶርኖው» ይለዋል። ሲቀርጽ የተፈናጠረ ብረት ነው አንድ ዓይኑ ውስጥ የገባው። ድምፁ ጎርነን ያለ፣ ሳቅ የሚቀድመው። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ አንቱ አልኩት።

«ተው እባክህ» አለኝ። «አንቱ ስትለኝ ከኋላዬ ማን ቆሟል እያልኩ እዞራለሁ።»

«እኛ አገር ታላቅ አንተ አይባልም።»

«በል እንግዲያ ጋሼ በለኝና ይብቃን።»

ፈረንጁ ሐኪም ሲዞር ሲስተር አብራው እየመጣች ትተረጉም ነበር። ዓይኔን አየና፣ «ውስጥ ያለችው ፍሬ ተመትታ ደፍርሳለች፤ እሷን አውጥተን በቦታዋ ሌላ የጠራች እንተካለን» አለ። ይህን ሲል እኔ በዓይኔ ያየሁትን ያህል አወቅሁት። ቅርጫ የታረደ በሬ ዓይኑ ሲፈርጥ ከውስጡ እንደ ውሃ ጠብታ የጠራች ፍሬ ትወጣለች። ልጆች ሳለን መዳፋችን ላይ እያንከባለልን ፀሐይ እናይባት ነበር። እንግዲህ እሷን ሊያስገቡልኝ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሌላ ከየት ትመጣለች?

ስለ ቢላው አልፈራሁም። የጨነቀኝ ሌላ ነው። እኛ አገር ከብት ሲታረድ ማን በስመ አብ ብሎ እንደባረከው ሳይታወቅ አይበላም። ያውም ጾም ነው። ያውም ይሄ ተበልቶ የሚያልፍ አይደለም፤ እስክሞት ዓይኔ ውስጥ የሚቀመጥ ሥጋ ነው። ማን እንዳረደው የማላውቀውን ተሸክሜ እንዴት እቆርባለሁ? ይህን ሳወጣ ሳወርድ ቆይቼ በሚቀጥለው ጊዜ ሲዞሩ ጠየቅኋት።

«ሲስተር፣ ከብቱን ማን ነው የባረከው?»

«የምን ከብት?»

«ፍሬዋ የምትወጣበት።»

ሳቋን ልትይዝ ሞክራ አልቻለችም። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ለፈረንጁ ስትነግረው እሱም ሳቀ። «ከብት አይደለም፤ ቆይ እነግርሃለሁ» አለችኝና ሰው ስለበዛባት ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈች። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ አሁን ሳስበው እኔም ብሆን እስቅ ነበር። ያን ጊዜ ግን ፊቴ ነደደ። ከብት ካልሆነ ከሞተ ሰው ነው ማለት ነው አልኩ። የባሰ!

ከሰዓት በኋላ ጋቢዬን ጠቀለልኩ፣ ከረጢቴን አንጠለጠልኩ፣ ግድግዳውን በእጄ እየዳበስኩ ተነሣሁ።

«ጎንደሬው፣ ወዴት ነው?» አለኝ ቶርኖው።

«ወደ አገሬ።»

«መልካም። በዚህ በኩል ግን የሚያስኬደው ሽንት ቤት ነው።»

ወደ ሌላው ጎን ዞርኩ። መጥቶ ክንዴን ያዘኝ።

«እርስዎም ይሳቁብኝ እንግዲህ።» ጋሼ ማለቱን ረስቼ ነበር።

«ከማን ጋር ስቄ? እኔ እኮ እዚህ የገባሁ ቀን የጠየቅሁት እሱኑ ነው። ‹ማን አረደው? ቢስሚላህ ብሎበታል ወይ?› ነው ያልኳቸው። ያን ጊዜም እንዲሁ ሳቁ።»

ለካ ሙስሊም ነው! ዳቦውን እስኪመሽ ጨርቅ ውስጥ የሚያቆየው የምግብ ፍላጎት አጥቶ ይመስለኝ ነበር። ረመዳን ገብቶበት ኖሯል፤ «ሕመምተኛ ነህ፣ ይቅርብህ» ቢሉትም እንቢ ብሏቸዋል። እኔም በጾሜ፣ እሱም በጾሙ፣ ጎን ለጎን ተኝተን አንድ ጥያቄ ይዘን ነበር።

በረንዳው ላይ ይዞኝ ወጣና አስቀመጠኝ። «እጅህን አምጣ» አለኝ። መዳፌ ላይ አንዲት ነገር ጣለ። ክብደት የላትም። በጣቴ ስዳብሳት ምስር ታህላለች፤ ጠርዟ የማይቧጥጥ፣ ፊቷ የሚያንሸራትት። ከጎንና ከጎኗ ቀጫጭን ክሮች ወጥተው እንደ ጥንዚዛ እግር ቆልመም ብለዋል።

«እሷ ናት» አለኝ። «ሲሠሩ ከእጃቸው ወድቃ መሬት ነካች፤ መሬት የነካች አትገባም። ጥያቄ ሳበዛባት ሲስተር ሰጠችኝ። በል፣ በሬው የት አለ?»

ደግሜ በጣቶቼ አገላበጥኳት።

«የአውሮፕላን መስኮት አይተሃል?»

«እኔ አውሮፕላን የማውቀው ከታች ሆኜ ነው።»

«መስኮቱ መስተዋት አይደለም፤ ድርቅ ያለ ፕላስቲክ ነው። ፈረንጁን ጠይቄው የነገረኝ ነው። በጦርነት ጊዜ አውሮፕላን ሲመታ የመስኮቱ ስብርባሪ ነጂዎቹ ዓይን ውስጥ ገባ። ሐኪሞቹ ዓይናቸው ይመግላል ብለው ሲጠብቁ ዓይኑ ዝም አለ፤ እንደ ባዕድ አላየውም። ‹እንግዲያ ከዚሁ ብንሠራስ?› አሉ።» ድምፁ እዚህ ላይ ተለወጠ፤ ስለ ሥራው ሊናገር ነው። «ፕላስቲኩን እንደ ሻማ ረጅም አድርገው ይቆርጡታል፤ ከዚያ እንደ ካሮት ይከትፉታል። አንዷን ቁራጭ ቶርኖ ላይ ያስሯታል። የእኔን ብረት እንደማስረው ማለት ነው። ትሽከረከራለች፤ ቢላው አልማዝ ነው፣ በቀስታ ይልጣታል። አንዱን ፊት ሲጨርሱ ገልብጠው ሌላውን። በሙቀት እንዳትበላሽ ችኮላ የለም። ጠርዟ ስል ሆኖ ዓይን እንዳይቆርጥ ደግሞ ከጥቃቅን የመስተዋት ዶቃ ጋር በርሜል ውስጥ ያስገቧትና በርሜሉ ሲዞር ይከርማል። እየተፋተገች ትለዝባለች። እግሮቿን በኋላ ነው የሚተክሉላት፤ በቀዳዳ አስገብተው በሙቀት ያጣብቋቸዋል። ታጥባ፣ ተመርምራ፣ ታሽጋ ትመጣለች። ዕድሜ ልኬን ቶርኖ ላይ ቆሜአለሁ፤ እንዲህ ያለች ሥራ ግን በእጄ ይዤ አላውቅም።»

ሰማሁት። ደስ ብሎኝም ሰማሁት። ግን ሰው ሊያጽናናህ ሲፈልግ ብዙ ነገር ይላል። እኔ ደግሞ ሳላይ ማመን የለመድኩ ሰው አልነበርኩም፤ ለማየትም ዓይን የለኝም።

«ጋሼ፣ ቀንድም ሲፋቅ እንዲህ ያምራል እኮ» አልኩት።

ኪሱን ሲፈትሽ ሰማሁት። «ቀንድ ሲቃጠል ምን ምን ይላል?» አለኝ።

«ጠጉር ጠጉር ነዋ። ቀንድም፣ ሰኮናም፣ ቆዳም፣ ሥጋ ያለበት ሁሉ ሲቃጠል ያው ነው።»

«እንግዲያ አፍንጫህን አቅርብ።»

ክብሪት ጫረ። ምስሯን በሽቦ ጫፍ ይዞ እሳቱ ላይ አደረጋት። ቺስ አለች። የመጣው ሽታ የጠጉር አይደለም፤ የአጥንት አይደለም፤ የጧፍም አይደለም። ጣፈጥ ያለ፣ የበሰለ ፍራፍሬ የሚመስል እንግዳ ሽታ ነው። ደግሜ ሳብኩት። በሬም የለበት፣ ሰውም የለበት። እስከ ዛሬ ሽቶ ሸትቶኝ እንደዚያ አላስደሰተኝም።

«ሥጋ አይደለችም!» ብዬ ጮህኩ።

«ስነግርህ የቆየሁት ምን ነበር?»

«ግን እኮ ተቃጠለች። ለአንተስ የሚያስገቡልህ ሌላ አለ?» አንተ ማለቴ ሳይታወቀኝ ነው።

«ለእኔ አይሆንም ብለውኛል። ብረቱ ወደ ኋላ ዘልቆ የሚያየውን ነገር ቀዶታል። ሌንስ ቢያስገቡ መስኮት መግጠም ነው፤ ቤቱ ውስጥ ግን ሰው የለም። በአንዷ እኖራለሁ። ያችን የያዝኳት ሥራዋ አምሮኝ፣ ከፀሐይ ፊት እያቆምኩ ላያት ነበር።» ከዚያ ሳቅ አለ። «አሁን አንተ ዓይን ውስጥ የምትገባውን አያታለሁ፣ ይቀላል። በል ጋቢህን ፍታ።»

ጋቢዬን ፈታሁ።

ሲሠሩኝ ነቅቼ ነበር። ዓይኔን ጎኑን በመርፌ አደነዘዙት፤ ህመሙ ሄዶ መጎተቱ ብቻ ቀረ። ያን ጊዜ ሌንሷ ስለማትታጠፍ ስንጥቁ ሰፋ ያለ ነው፤ በኋላ በክር ይሰፉታል። አታስነጥስ፣ አታስል፣ አታጎንብስ አሉኝና በፋሻ ሸፍነው መለሱኝ። ጾሙ ሲጋመስ ሰው ሁሉ ይሰግዳል፤ እኔ ግን በጀርባዬ ተንጋልዬ በልቤ ብቻ ሰገድኩ።

በዚያ ሰሞን ያለ ቶርኖው ምን እሆን እንደነበር አላውቅም። በሶዬን እሱ ነው የሚበጠብጥልኝ፤ «የጎንደር ሰው ይሄን ጭቃ እየበላ ነው የሚኮራው?» እያለ። እሱ ሳይበላ እኔን ያበላኛል። በመስኮቱ የሚያየውን ይነግረኛል፤ ቅጠል አልባ፣ ሁለመናው ሐምራዊ አበባ የሆነ ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር የምታኮርፍ ሚስትና የሚለምን ባል። እያከለበት እንደሆነ አውቃለሁ። ባልየው በየቀኑ ይለምን ነበራ!

ፋሻዬ ሳይፈታ እሱን አሰናበቱት። የጽሕፈት ቤቱ ሰው በር ላይ ቆሞ ሙሉ ስሙን ሲጠራ ያን ጊዜ ነው ስሙን የሰማሁት። ራሴ ላይ እጁን አሳረፈ፤ መዳፉ ሸካራ፣ የብረት ሽታ ያለው ነው። «ሲፈቱልህ መጀመሪያ ጣሪያውን አትይ፤ አያምርም» አለኝ። እኔ ግን ደኅና ሁን እንኳ በቅጡ አላልኩትም።

ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያየሁት የሲስተርን ፊት ነው፤ ግንባሯ ላይ ትንሽ ጠባሳ ነበረባት። ታለቅስ ነበር፣ ወይም የእኔ ዓይን ነው ያለቀሰው። ቀጥዬ ወደ ጎን ዞርኩ። አልጋው ተነጥፏል፤ አንሶላው ተወጥሮ ጠርዙ ፍራሹ ሥር ተወትፏል። ነጭ ነገር እንደዚያ ባዶ ሆኖ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አይቻለሁ። አርሻለሁ፤ ሽማግሌውም ተላከልኝና ዘውድነሽን አገባሁ። ልጆቻችን እናታቸውን ሲመስሉ አየሁ፤ አያሌውን ስንቀብርም አየሁ። ባሕር ዳር በወረድኩ ቁጥር ብረት ቤት ካገኘሁ ቆም ብዬ ድምፅ አዳምጣለሁ። ፊቱን አላውቀውምና ሌላ የምለይበት የለኝም። የወሎ ሰው ሳገኝም እጠይቃለሁ። ወሎ ሰፊ ነው ይሉኛል።

ዘውድነሽ ዓይኗ ተሸፍኖ፣ የነርሷን ክንድ ይዛ ወጣች። በማግሥቱ ሲፈቱላት ትክ ብላ አየችኝና፣ «ውይ፣ ምነው እንዲህ አረጀህ!» አለችኝ። ሐኪሟም እኛም ሳቅን። እኔ ግን እየሳቅሁ ቀናሁባት። እሷ ዓይኗ ሲበራ የሚያስፈልጋት ሰው ፊት ለፊቷ ቆሞ አገኘችው። ለእኔ ያን ጊዜ በእሱ ቦታ ባዶ አልጋ ነው የታየኝ። ሰው ለአንድ ሰው ያን ያህል ሆኖለት ፊቱን ሳያሳይ ማለፉ ይገርመኛል፤ ሲከፋኝም ይከፋኛል። ጠዋት ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ፣ ከጸሎቴ በፊትም ይሁን በኋላ፣ ስሙን አንድ ጊዜ ድምፄን አውጥቼ እጠራዋለሁ። ዘውድነሽ ለምዳዋለች፤ ማነው ብላ አትጠይቀኝም። ሰይድ ይማም ነው።